እናቴና የፊልሙ ሳይንቲስት

ሰመር ላይ የምኖርበት የሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ሰማይ ሲያጉረመርም፣ በልጅነቴ ዊተን ሲኒማ ቤት ውስጥ ወንበሬን ያንቀጠቀጠው ድምፅ ይመለስብኛል። በረዶው ገና አልቀለጠም ነበር፤ ታላቅ ወንድሜ ይዞኝ ሄዶ፣ የኑክሌር ቦምብ ስለሠሩ ሰዎች የሚተርክ ፊልም አየን። ፀጉሩ የተንጨባረረ፣ ከሰው የማይገጥም ሊቅ ብቻውን ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ይከርምና፣ በመጨረሻ በረሃው ላይ እሳቱ ሲነሣ ሁሉም ተቃቅፈው ይጨፍራሉ። አንዱ ግን ጨረር ነክቶት፣ እጁ ቆስሎ ሲሞት አየሁ።

እናቴ ከቤታችን ወንዝ ተሻግሮ ባለው አሌክሳንድሪያ ሆስፒታል ውስጥ፣ ጨረር ያለበትን የምርመራ መድኃኒት ለበሽተኞች ትወጋ ነበር። ስለዚህ ከሥራ ስትመለስ በር ላይ ጠብቄ፣ እጇን እያገላበጥኩ አይ ነበር፤ እሷም ናፍቆት መስሏት ትስቅ ነበር። አንድ ጠዋት የመኪናዋን ቁልፍ ሩዝ ውስጥ ቀበርኩት።

«ሚሚዬ፣ ቁልፌን አይተሻል? ሥራ ረፈደብኝ» አለችኝ።

«አትሂጂ፣ ትሞቻለሽ!» ብዬ አለቀስኩና የፊልሙን ሰውዬ ነገርኳት።

ትቆጣለች ስል፣ ሥራ ቦታዋ ደውላ እንደምትዘገይ ተናግራ፣ ኮቷን እንደለበሰች ወለሉ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። «እውነት ነው፣ እንደዚያ የሞቱ አሉ» አለችኝ። «ቦምቡ የወደቀባቸው ከተሞች ውስጥም እንዳንቺ ያሉ ልጆች ነበሩ፤ ፊልሙ ጭሱን ከሩቅ አሳየሽ እንጂ እነሱን አላሳየሽም። የእኔ መድኃኒት ጨረር ግን ትንሽ ነው፣ ቶሎም ይጠፋል።»

በጸደይ፣ የቼሪው ዛፍ ሲያብብ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ቀን አስፈቅዳ ሆስፒታሉን ልታሳየኝ ወሰደችኝ። የሚደርስባትን ጨረር የሚለካውን፣ ደረቷ ላይ የምትሰካውን ባጅ አሳየችኝ፤ ባጁን የምትከታተለው ባልደረባዋም «እናትሽን እኔ እጠብቃታለሁ» አለችኝ። ኮሪደሩ ላይ አንድ የአገራችን ሽማግሌ ፈርተው ተቀምጠው ነበር። እናቴ ክንዳቸውን ይዛ፣ «አባባ፣ መርፌው ትንሽ ቆንጠጥ ቢያደርግዎት ነው፣ አይዞዎት» ስትላቸው፣ «አንቺ እያለሽ ምን እሆናለሁ!» ብለው ተነሡ።

ቅጠል ሲረግፍ አስተማሪያችን ሳይንቲስት እንድንስል አዘዘችን፤ ሌሎቹ ፀጉረ ጨብራራ ሰውዬ ሲስሉ፣ እኔ እናቴንና የሆስፒታሉን አባባ ሳልኩ።

ዛሬ ልጄ ሶፋ ላይ ተጠግታኝ እንዲህ ያሉ ፊልሞችን ታያለች። የዘንድሮዎቹ ሳይንቲስቶች ፀጉራቸውን አበጥረዋል፣ የሠሩትም ነገር እንቅልፍ ይነሣቸዋል፤ እሳቱ ግን አሁንም ከሩቅ ነው የሚታየው። እኔ ፍርሃቴን ለብቻዬ ተሸክሜው ከርሜ ነበር፤ እሷ ግን ፊልሙ ሳያልቅ «እማ፣ እዚያ የነበሩት ሰዎችስ?» ትለኛለች። ያኔ ፊልሙን አቆምና፣ ሳልዋሽም ሳላስፈራራም፣ እናቴ እንደመለሰችልኝ እመልስላታለሁ።