ሁለት ግራም ጨው

ሐኪም ጨው ቀንሺ ስላለኝ ልጄ ባለፈው ሳምንት የገዛችልኝን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሚዛን ዛሬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ያበጠ እግሬን አየት አድርጋ «እማዬ፣ ከእኔ ተደብቀሽ ጨው ትበያለሽ?» አለችኝ። ልቆጣ ብዬ ተውኩት። ይህንኑ ጥያቄ እኔም በልጅነቴ ጠይቄ ነበር።

በደርግ ጊዜ ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። እናቴ ስለሞተች፣ ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ ያለው ቤታችን ጓዳ በእኔ እጅ ነበር። አባቴ ልባቸውን ታመው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኝተው ሲወጡ አንዲት ወረቀት ይዘው መጡ፤ ጨው በቀን ከ2000 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ትላለች። ከበለጠ እግራቸውን ያሳበጠው ውሃ ሳንባቸው እንደሚደርስ ነርሷ ነግራኛለች። እናቴን ቀብሬ እሳቸውን ልቀብር አልፈለግሁም።

ሺህ ሚሊ ግራም አንድ ግራም መሆኑን ከትምህርት ቤት አውቃለሁ። ሁለት ግራም ማለት ነው፤ ግን ሁለት ግራም በእጅ ሲይዙት ምን ያህላል? የባለሱቁ ትንሿ የሚዛን ድንጋይ እንኳ ሃምሳ ግራም ነበረች። በመጨረሻ ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፌ ያመጣሁትን ጨው አድቅቄ፣ ፒያሳ ወርቅ ይሠራ ወደነበረው ጎረቤታችን ወደ አያ ሰይድ ሄድኩ።

«ያረቢ፣ ጨው በወርቅ ሚዛን!» ብሎ ሳቀብኝ፤ ግን መዘነልኝ። ሁለቱ ግራም የእናቴን የሽቶ ብልቃጥ ክዳን ልክ ሞላ። ከዚያ ወዲያ የጓዳው አዛዥ ያቺ ክዳን ሆነች፤ በቀን አንድ፣ ከዚያ በላይ ቅንጣት የለም። አባቴ ወጡ አልጫ ሆነብኝ ብለው እንኳ አላጉረመረሙም። እኔም በሙያዬ ኮራሁ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ቁርጭምጭሚታቸውን በአውራ ጣቴ ስጫነው ጉድጓዱ አይሞላም። ከመስጊድ ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ሦስት ቦታ ያርፋሉ።

«አባባ፣ ከእኔ ተደብቀው ጨው ይበላሉ?»

«ወላሂ አልበላሁም፣ ልጄ።»

አላመንኳቸውም። ጨዉን ሣጥን ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን እያዩኝ አንገቴ ላይ አሰርኩት።

በሦስተኛው ሳምንት፣ የዓመቱን በርበሬ የምታዘጋጅልን አክስቴ ሐዋ ከኮምቦልቻ መጣች። የበርበሬውን ቆርቆሮ እያወረደች «እንዳይነቅዝ ጨዉን ደህና አድርጌበታለሁ» አለች።

«ስንት አደረግሽበት?»

«እንደ ሁልጊዜው ነዋ፤ ለአምስት ኪሎው አንድ ኪሎ።»

ደብተሬን አውጥቼ አሰላሁት። ከስድስት ግራም አንዱ ጨው ነው። አባቴ በቀን አሥራ ስምንት ግራም በርበሬ ቢበሉ፣ ክዳኗ ሳትነካ ሦስት ሺህ ሚሊ ግራም ጨው ገብቷል። ሽሮውም ሲፈጭ ጨው ነበረበት። በሁሉም ቤት እንዲሁ ስለሆነ ማንም ጨው ብሎ አይቆጥረውም።

በማግስቱ ከእሷ ጋር ኮምቦልቻ ወረድኩ። ደረቅ ዛላ ገዝቼ፣ ቀንጥሼ፣ ፀሐይ አስመትቼ ራሴ ወቀጥኩት፤ እጄ ሦስት ቀን ነደደ።

«ያለ ጨው ይነቅዝብሻል» አለች አክስቴ።

«ትንሽ ትንሽ አድርጌ በየወሩ እወቅጣለሁ።»

ዘጠኝ ዓመት በየወሩ ወቀጥኩ። አባቴ ያን ያህል ኖሩልኝ።

የእግራቸው እብጠት የጎደለ ቀን ቁልፉን ከአንገቴ ፈትቼ ጨዉን ወደ መደርደሪያው መለስኩ። አባቴ አዩኝና «አሁን ያመንሽው እኔን ነው ወይስ እግሬን?» አሉኝ። እየሳቁ ነበር፤ እኔ ግን አፈርኩ። ያ ኀፍረት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ልጄ አሁንም መልሴን እየጠበቀች ነው። እሷ ከገበያ የምታመጣልኝን በርበሬ ከነዕቃው ወደ ሚዛኑ ገፋሁላት።

«አልበላሁም» አልኳት። «መጀመሪያ እኔን እመኚኝ። ከዚያ ይህን መዝኚ።»