በጥቁር ወይን ላይ ጥቁር ክብ

የጭማቂ ፋብሪካችንን የማሸጊያ ሠዓሊ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ለሁላችንም ሚሊሜትር ነው። ማስመሪያ ከኪሱ አይጠፋም፤ ሻይ ሲያስቀምጡለት እንኳ ብርጭቆው ከጠረጴዛው ጠርዝ ስንት እንደራቀ በዓይኑ ይለካል። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ በማሸጊያ ላይ የሚታተመውን ፊደልና ቁጥር የማርም ሰው ነኝ። አሥራ አራት ዓመት አብረን ስቀናል፤ ያጠፋነውም አብረን ነው።

ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሷ ትምህርቷን ጥላ ልብስ ሰፊ ሆነች፤ እሱ ሥዕል ተማረ። ስኳር በሽታ ከያዛት ቆይቷል። ዓይኗም ደክሞ፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ካቃታት ሦስት ዓመት አልፏል። ስለዚህ አዲሱ ደንብ ሲወጣ የእሷን ያህል የተደሰተ አልነበረም። ደንቡ ስኳር የበዛበት መጠጥ ሁሉ ፊት ለፊቱ ላይ ጥቁር ክብ ምልክት ይኑረው ይላል። ከጀርባ ያለችውን፣ ጉንዳን የምታህል ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ሰው የታሰበ ነው። ሆስፒታል የምትከታተላት ነርስም «ክቡን ካየሽ ተይው፣ በቃ» ብላ አስተማረቻት።

የእኛ የወይን ጭማቂ ደግሞ ስኳሩ ከልክ ያለፈ ነው። የሽያጭ ኃላፊው ክፍላችን ድረስ መጥቶ ይንጎራደድ ጀመር።

«ይኼ ክብ ወጣ ማለት ገበያችን አበቃ ማለት ነው! አንድ ነገር ፍጠር እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!»

ሚሊሜትር ደንቡን ሦስት ቀን ሙሉ ሲያነብ ከረመ። ምልክቱ ጥቁር ይሁን ይላል። ስፋቱ ሦስት ሴንቲ ሜትር ይሁን ይላል። ከሥሩ ያለው ቀለም ምን ይሁን የሚል ግን የለም። በአራተኛው ቀን በማሸጊያው ፊት ላይ በደንብ የበሰለ የጥቁር ወይን ዘለላ ሣለና ክቡን ከፍሬዎቹ መሐል ሰካው። አስጠግቶ ላየው ሰው ምልክቱ አለ፤ መደርደሪያ ላይ ላየው ግን አንድ ተጨማሪ የወይን ፍሬ ነው።

ተቆጣጣሪው መጣና ለካ። ልክ ሦስት ሴንቲ ሜትር። ምን ይበል? ፈርሞ ሄደ። እኔም ከእሱ በፊት «ትክክል ነው» ብዬ ፈርሜበታለሁ። ያን ዕለት ቢሮ ውስጥ ኬክ ተቆረሰ፤ እኔ ሆዳሙ ሁለት ቁራሽ በላሁ።

ከዚያ ወዲያ ሚሊሜትር ተፈላጊ ሆነ፤ ቀና ብሎ ሰው የሚያይበት ጊዜ አጣ። ከእህቱ ጋር በስልክ ብቻ «ደኅና ነሽ?» «ደኅና ነኝ» ሆነ ነገሩ። በአምስተኛው ወር ጎረቤቷ ደውላ ሆስፒታል መግባቷን ነገረችው። በማግስቱ ጠዋት ተያይዘን ሄድን። ከቀኝ እግሯ ሁለት ጣት ተቆርጧል።

ከአልጋዋ አጠገብ ባለችው ኮመዲኖ ላይ ጭማቂያችን ቆሟል። ነርሷ እያነሳች ስታየው ደረስን። እህቱ ድምፁን ስትሰማ ፊቷ በራ።

«ይኸውልሽ፣ ይኼን የሠራው ወንድሜ መጣልሽ» አለቻት ለነርሷ። «በየቀኑ እሱን ነው የምጠጣው። ጣፋጭ ከተከለከልኩ ስንት ዘመኔ! ይኼ ግን ክብ የለውም።»

ነርሷ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። «ኧረ እማማ፣ አለው እኮ!»

«የቱ ጋ?»

ነርሷ የእህቱን የእጅ ጣት ይዛ ክቡ ላይ አሳረፈችላት።

«ይኼማ ወይኑ ነው» አለች እህቱ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ የሚሊሜትር አፍ ያን ጊዜ ተፈታ። ከአልጋው ጫፍ ተቀምጦ ደንቡን፣ ኃላፊውን፣ ዘለላውን፣ ተቆጣጣሪውን አንድ በአንድ ነገራት። የእኔን ፊርማ ብቻ ዘለለልኝ። እኔም «እኔም አለሁበት» ማለት አቃተኝ። ፈሪ ነኝ፤ ምን ይደረግ።

እህቱ ጭማቂውን ከነርሷ እጅ ተቀብላ ኮመዲኖው ላይ መለሰችው።

«የሌላውን ተወው» አለች። «አለቃህ ነው፣ አዞሃል፣ ይሁን። ለእኔ ብቻ፣ በጆሮዬ፣ ‹እትዬ፣ ይቺን አትንኪ› ብትለኝ ምን ነበረበት?»

ምክንያት ይደረድራል ብዬ ጠበቅኩ። አልደረደረም።

«ትዝ አላልሽኝም፣ እትዬ» አለ።

እንባው ዱብ ዱብ አለ። እሷ አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችምም። ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«በሉ ሂዱ» አለች፤ «ሥራ ይረፍድባችኋል።»