ለዝናብ የተሰጠ ምርቃት

ፐብሊክ ፖሊሲ የመረጥኩት ተናድጄ ነው። አባቴ «ጤና ተማሪ፤ መርፌ የሚወጋ ሰው ሥራ አያጣም» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ፊደል የቆጠርኩት ክረምት አልፎ ክረምት ሲመጣ ጣራ ሳይለብስ በቀረ ትምህርት ቤት ውስጥ ስለሆነ፣ ጣራውን ማን እንዳስቀረው ማወቅ ፈለግሁ። አውቄም ልሟገተው። ኮሌጅ ገብቼ ያገኘሁት ግን ሃንድአውት ነው። «የሕዝብ ተሳትፎ ደረጃዎች» የሚለውን እንደ ዳዊት ሸመደድነው፤ ከፈተናው ማግሥት ደግሞ ረሳነው። ሕዝብ ሲሳተፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ ወይ ብሎ የጠየቀን የለም። ማደሪያ ክፍላችን ውስጥ የሚወራውም የየትኛው ቢሮ አበል እንደሚበዛ ነበር። እሱን ስሰማ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ እተኛለሁ።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ለተግባር ልምምድ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ተመደብኩ። ውጤቴን የሚሰጠው ኃላፊው ነው፤ ጃኬቱ ሁልጊዜ ንጹሕ የሆነ፣ ገበሬ ሲያናግር ድምፁን የሚያለሰልስ ሰውዬ። አንድ እሑድ በፒክአፕ ይዞኝ ሄደ። የሄድንበት የተወለድኩበት ቀበሌ ነበር። ወንዙ ዳር ያለው የወል መስክ ከብት ለሚያደልብ ባለሀብት ሊሰጥ ነውና ሕዝቡ ይወያይበት ተብሏል። የአገሩ ከብት በጋውን የሚያልፈው በዚያ መስክ ነው። የገበሬን ከብት አስወጥቶ የባለሀብት ከብት ማስገባት እንዴት ልማት እንደሚባል እስከ ዛሬ ያስረዳኝ ሰው የለም።

ሕዝቡ ከቅዳሴ እንደወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ኃላፊው ነገሩን በአንድ ትንፋሽ አወራና፣ ማንም አፉን ሳይከፍት ወደ ንስሐ አባታችን ዞረ። በእኛ አገር ስብሰባ በምርቃት ይዘጋል። ከተመረቀ በኋላ ነገር ማንሣት ነውር ነው።

«መምሬ፣ እስቲ ይባርኩልን፤ ሕዝቡም ፀሐይ ላይ ነው» አላቸው።

ቄሱ ቅን ሰው ናቸው። መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ። «ዝናቡን የምሕረት ያድርግልን። ለዘሪው ዘር፣ ለበላተኛው እንጀራ ይስጥልን። የመጣውን ሁሉ የበረከት ያድርግላችሁ!»

«አሜን!» አለ ሕዝቡ።

ኃላፊው አጨበጨበ። «እናመሰግናለን። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ተቀብሎታል።»

ጎረቤታችን፣ ባሏ የሞተባት፣ ከአንዲት ላም ሌላ የሌላት ሴት፣ ብድግ አለች። «እህ፣ ላሚቱንሳ ወዴት ልንዳት?»

አንድ ሽማግሌ ዞሮ እንኳ ሳያያት «አንቺ ሴት፣ ከምርቃት በኋላ ምን ነገር አለ? ተቀመጪ!» አላት። እናቴ ሳትቀር ነጠላዋን ጎተተቻት። ሴትዮዋ ተቀመጠች። አፈርኩ፤ ከማፈርም አልፎ ሁሉም አስጠሉኝ። ያጨበጨበውም፣ የተቆጣውም፣ አንገቱን ደፍቶ ሣር የሚነጨውም።

ስንመለስ ደምበጫ ከተማ አንድ ቁርጥ ቤት ገባን። እኔ ኃላፊው ባለማወቅ ያደረገው መስሎኝ፣ ምርቃቱ እኮ ቀደመ፣ ሕዝቡ አልተናገረም አልኩት። ሳቀ። ጮማው ከንፈሩ ላይ ያብለጨልጫል።

«አየሽ፣ እናንተ በወረቀት የምትማሩት ተሳትፎ ይኼ ነው። ቄሱን መጨረሻ ላይ ብታስመርቂ እስከ ማታ ሲጨቃጨቁብሽ ይውላሉ። ቀድሞ ማስመረቅ ነው። ሕዝብን ማወቅ ይሉሻል ይኼ ነው» አለና አዋዜ የነካውን ጣቱን ላሰ። በዚያው ጣት ጉርሻ ዘረጋልኝ። ጠግቤያለሁ ብዬ እጁን መለስኩት።

በሳምንቱ ወደ ቄሱ ቤት ሄድኩ። እናቴ ነገሩ ገብቷት ተከትላኝ መጣች። ኃላፊው ያለኝን ቃል በቃል ስነግራቸው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

«የኔን ምርቃት ቃለ ጉባኤ አደረጉት?» አሉ። «እኔ እኮ፣ ልጄ፣ ለዝናቡ ነው የመረቅሁት።»

እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ተይ፣ ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም። ውጤትሽ ያለው በእሱ እጅ ነው» ትለኛለች።

መስኩ የሚከለልበት ቀን ኃላፊው ችካል የተሸከሙ ሠራተኞች አስከትሎ መጣ። እኔም አብሬው ነበርኩ። ሕዝቡ ዳር ዳሩን ቆሟል፤ ያቺ ሴት ላሟን በገመድ ይዛለች።

«መምሬ፣ ሥራውን ይባርኩልን» አላቸው በዚያ በለሰለሰ ድምፁ።

«ዛሬስ አልመርቅም» አሉ ቄሱ። «መጀመሪያ ያቺ ሴት ትናገር። ላሟን ወዴት እንደምትነዳ ይነገራት።»

ኃላፊው ፈገግታውን እንኳ አልቀየረም።

«ግድ የለም፣ መምሬ፤ የባለፈው ይበቃናል።»

በሕይወቴ እንደዚያ ቃል የቀፈፈኝ ነገር የለም። የሰው ጸሎት ኪሱ ከትቶ፣ በባለቤቱ ፊት አውጥቶ መነዘረው። በአገጩ ምልክት ሲሰጥ ሠራተኞቹ ሁለት ችካል ራቅ ራቅ አድርገው መሬት ውስጥ መቱ። ቄሱ መስቀላቸውን ጉያቸው ውስጥ ከተቱ፤ ጎንበስ አሉና የቀረባቸውን ችካል በሁለት እጃቸው ወዝውዘው ነቀሉት። ኃላፊው እሳቸውን ተወና እኔን አየኝ።

ሁለተኛውን የነቀልኩት እኔ ነኝ።