አባቴን ያባረረው ዶሮ

ወልቂጤ በነበረው ቤታችን ዓመቱን ሙሉ የማይጠፋ አንድ ነገር ቢኖር «አባታችሁ ይምጣ» የሚለው የእናቴ ቃል ነበር። አጥሩ ሲዘም «አባታችሁ ይምጣ»፣ ጣራው ሲያፈስ «አባታችሁ ይምጣ»፤ እኔ ሳጠፋማ አባቴ በየቀኑ ይምጣ ነው። እሱ መርካቶ ሱቅ ስለነበረው ወደ ቤቱ የሚመጣው በዓመት አንዴ፣ ለመስቀል ብቻ ነው። ያን ዓመት ወረፋ ይዘው ከሚጠብቁት ጉዳዮች አንዱ ገብስማው አውራ ዶሮ ነበር።

ያ ዶሮ ያለ ጠብ መዋል አይሆንለትም። ውኃ ልቀዳ ስወጣ የአንገቱን ላባ አቁሞ ይመጣብኛል፤ ጓሮ ስሄድ ከእንሰቱ ሥር አድፍጦ ይጠብቀኛል። ጎረቤቶቻችን ዱላ ሳይዙ ወደ ግቢያችን መግባት ትተዋል። የማይነካት እናቴን ብቻ ነው። «ይታረድ!» ስላት «የሚያርድ ወንድ የት አለ? አባታችሁ ይምጣ» ትለኛለች። እርግጥ ሴት አታርድም፤ ግን በየጎረቤቱ ወንድ ነበር።

አባቴ መጣ። ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ጥቁር ጫማውን በመሐረብ ወልውሎ፣ መንደሩ እያየው የግቢውን በር ከፈተ። ዶሮውም አየው። መጀመሪያ ጫማው ላይ፣ ቀጥሎ ሱሪው ላይ ዘለለ። አባቴ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ጮኸ። ዶሮው የሚያውቀው ሕግ አልነበረም። ባርኔጣው ጭቃ ላይ ወደቀ፤ የቤቱ ጌታም ሮጦ ወደ መንገድ ወጣ።

እኔ ሳቄን ለማፈን ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ። ታናሽ እህቴ ግን ድምጿን ለቅቃ አለቀሰች። የፈራችው ዶሮውን ሳይሆን ሰውዬውን ነው። ባለፈው መስቀል ሲያያት ገና ጡት የምትጠባ ጨቅላ ነበረች፤ አሁን በእግሯ ሄዳ የምትሸሸው ልጅ ሆናለች።

አባቴ እዚያው ውጭ እንደቆመ «ቢላ አምጪ!» አለ።

«በመስቀል ዶሮ ሲታረድ የት አየህ?» አለችው እናቴ። «በሬ መግዛት አቃታቸው እንድንባል ነው?»

ስለዚህ ዶሮው በዓሉ እስኪያልፍ ምሕረት አገኘ። እስከዚያው አባቴ ሽንት ቤት እንኳ የሚሄደው እናቴን አስቀድሞ ነበር። ክትፎው ተበልቶ ካለቀ በኋላ ግን ቢላውን ይሞርድ ጀመር። እናቴ ዶሮውን አቅፋ ፊቱ ቆመች።

«አይታረድም» አለች። «ወንድ የሌለበት ቤት ነው ብሎ የግቢዬን በር የሚገፋውን ሁሉ ያባረረልኝ እሱ ነው። ዓመቱን ሙሉ ደጄን የጠበቀልኝ ሌላ ማን አለ?»

አባቴ ቢላውን አስቀመጠ። እንደዚያ ሲከፋው አይቼ አላውቅም፤ እኔም አዘንኩለት። «ታዲያ እኔን እንዴት ይልመደኝ?» ብሎ ጠየቃት።

እናቴ ዶሮውን ብብቱ ሥር ወሸቀችለት። «እንዲህ አድርገህ ያዘው፤ ቢንፈራገጥም አትልቀቀው። ሲረጋ ታወርደዋለህ። ተመልሶ ከመጣብህ አትሩጥ፤ እንደገና አንሳው።»

ከዚያ ወዲያ አባቴ ዶሮውን ታቅፎ ይውል ጀመር። አጥሩን ሲጠግን ታቅፎት፣ እንኳን አደረሰህ ሊሉት የመጡትን ሽማግሌዎች ሲቀበል ታቅፎት። አንደኛው ሽማግሌ ከላይ እስከ ታች አዩትና «አዲስ አበባ እንዲህ ነው የምትውሉት?» አሉት። እናቴ ጓዳ ገብታ ስትስቅ ይሰማኝ ነበር።

እህቴ ይህን ሁሉ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ሆና ትከታተላለች። አንድ ቀን ቀረብ ብላ የዶሮውን ጭራ ነካች። በሌላው ቀን አባቴ ፊት ቆማ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች፤ ዶሮው ያገኘውን እሷም ፈልጋለች። አባቴ በአንድ ክንዱ ዶሮውን፣ በሌላው ልጁን ይዞ ግቢው መሐል ቆመ። እንባው ሲወርድ የሚያብስበት እጅ አልነበረውም።

ወደ ሱቁ በሚመለስበት ጠዋት ዶሮው ሳይነካው አሳለፈው። «ይኸው ለመደኝ!» አለ እየተኩራራ።

እናቴ ስንቁን እያቀበለችው «ዶሮም ሕፃንም ቶሎ ይረሳል» አለችው። እሱ ስንቁን ይዞ ወጣ።

አባቴ ለገና መጥቶ አያውቅም። ያን ዓመት ግን በዋዜማው የግቢው በር ተከፈተና ባርኔጣው ብቅ አለ። ዶሮው ላባውን አቁሞ ተንደረደረ። አባቴ አልሮጠም፤ ጎንበስ ብሎ አነሳውና ብብቱ ሥር ሸጎጠው።

«እንዳይረሳኝ ብዬ ነው» አላት እናቴን፣ እንደማፈር እያለ።

በሌላ እጁ እግሩ የታሰረ ሌላ ዶሮ አንጠልጥሏል፤ ለበዓሉ ወጥ የሚሆነውን ከገበያ ገዝቶ መምጣቱ ነው። እህቴ እየሮጠች ደርሳ እጆቿን ስትዘረጋ እናቴ የታሰረውን ዶሮ ተቀበለችውና ክንዱን ለልጁ አስለቀቀችለት።