ጠያቂ የከለከልሁበት ክረምት

አባቴ የእግራቸው የደም ሥር ተዘግቶ ጎንደር ኦፕራሲዮን የሆኑት በደርግ ጊዜ፣ የሳል ወረርሽኝ አገሩን ባዳረሰበት ክረምት ነው። ሐኪም ቤቱ በሚያስል ሰው ተጨናንቆ ነበርና ቁስላቸው ሳይጠግግ ይዘሻቸው ሂጂ ተባልሁ። ሐኪሙ በር ድረስ ሸኘኝ። «ደማቸው እንደገና እንዳይረጋ እፈራለሁ። በዚያ ላይ ይህ ሳል ከያዛቸው አይተርፉም። አሥራ አምስት ቀን ሰው የሚባል አታስጠጊባቸው» አለኝ።

ሰው የሚባል! አባቴ እኮ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁሐር ሚካኤል የቀደሱ ቄስ ናቸው። እኛ ዘንድ የታመመ አለመጠየቅ ትልቅ ነውር ነው። የእኔ ቤት ወረታ ስለሆነ፣ ከቁሐር የሚለየን የፎገራ ሜዳም በውኃ ስለተሞላ፣ ማን ይመጣል ብዬ ተጽናናሁ።

ምን ዋጋ አለው፣ መጡ። ውኃውን እስከ ወገባቸው እያቋረጡ፣ እርጎ በቅል ይዘው መጡ። ግማሹ ያስላል። እኔ ደግሞ አፌ እሬት ነው፤ «ልትገድሏቸው ነው?» ብዬ ከአጥሩ በር መለስኋቸው። አባቴ ድምፅ ሰምተው «ኧረ ሰው በዝናብ አይቆምም!» እያሉ ሊከፍቱ ሲነሡ ቁስላቸው ደማ። መንገደኞች ናቸው ብዬ ዋሸሁ። ከዚያ ወዲያ መዋሸት ሥራዬ ሆነ።

«ዛሬስ ማን መጣ?» ይሉኛል በየቀኑ።

«ማንም አልመጣም፣ አባባ። ውኃው ሞልቶ ነው።»

«አምናስ አልሞላም? እኔ ስንቱን በዋና ሄጄ ጠይቄያለሁ!»

ጋቢያቸውን አስተካክዬላቸው እወጣለሁ።

አንድ ቀን አብረዋቸው የሚቀድሱት ሽማግሌ ቄስ በምርኩዝ እየተደገፉ ደረሱ። «እርስዎንም አላስገባም፣ አባ» አልኋቸው። አልተቆጡኝም። የሚካኤልን ጠበል በአጥሩ ላይ አቀብለውኝ ተመለሱ። ባጠጣቸው ማን አመጣው ይላሉ ብዬ ጠበሉን ከጋን ጀርባ ደበቅሁት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

«ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» የሚሉት አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መዋል ጀመሩ። ምግብ ሳቀርብ «በላሁ» ይላሉ። ጎረቤቱም በእኔ ተቀይሞ ሰላምታ ነሣኝ። ብቸኝነት እንደዚያ ሲያንገበግበኝ አላውቅም፤ የማጫውተው አንድ ሰው አጣሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጧት «ለካ ሰው አልነበረኝም፣ ልጄ» አሉኝ።

እውነቱ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። አራት ቀን ነው የቀረው፣ ሲድኑ እነግራቸዋለሁ፣ አብረን እንስቃለን አልሁ።

ሳሉ አልያዛቸውም። አንዲት ጊዜ እንኳ አላሳሉም። በማግስቱ ግን ውኃ እየጠጡ ሳለ ደረታቸውን ይዘው ዘንበል አሉ፤ ሐኪሙ የፈራው የረጋ ደም ነው አሉኝ በኋላ። አልደረስሁላቸውም።

ያ የመለስሁት ሰው ሁሉ መጣ። በቃሬዛ ተሸክሞ ውኃውን አሻገራቸው። ቁሐር ሚካኤል ግቢ መቆሚያ ጠፋ። ከቀብሩ በኋላ ሽማግሌው ቄስ ወደ እኔ ቀረቡ።

«ልጄ፣ እንደመጣን ነግረሻቸው ነበር?»

«አዎ፣ አባ።»

«ምን አሉ?»

«መረቋችሁ» አልኋቸው።

ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ዞር አሉና ለሰዉ ነገሩት። ሰዉ ሁሉ አሜን አለ።