የቀረ ሰው ድርሻ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራ ስለፈታሁ ታሪክ ማረም ጀመርኩ። ደብረ ታቦር ውስጥ ዕድሜ ልኬን ታሪክ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ተማሪዎቼ ሲያንቀላፉ ጥፋቱ የመጽሐፉ እንጂ የእኔ አይመስለኝም ነበር። ላርመው የተነሣሁት የጓድ ሊቀመንበሩን ስም ነው፤ ንጉሡ ከወረዱ በኋላ ሶሻሊዝም ብሎ የገዛንን፣ በመጨረሻም አገር ጥሎ የሄደውን ሰው። አንዱ ጨካኝ ይለዋል፣ ሌላው አገር ወዳድ። ሚዛናዊ ሰው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ደብተር ገዛሁ፤ በቀኝ ገጽ በጎውን፣ በግራ ገጽ ክፉውን ልጽፍበት።

ቤት ውስጥ ሰሚ አጣሁ። «መሬት ለአራሹ» ስል ባለቤቴ ሽንኩርት ልትልጥ ትነሣለች። ስለዚህ የጥቅምት መድኃኔዓለም ማኅበር ሲደርስ ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። ተራው የደረሳቸው ወደ ጋፋት መውጫ የሚኖሩት፣ ሁላችን እትዬ የምንላቸው አሮጊት ነበሩ፤ እኔ በሟቹ አባቴ ቦታ ከተተካሁ ገና ሦስተኛ ጊዜዬ ነበር። ቄሱ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ፣ ጠላው ተቀዳ፣ እኔም ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ሰውየውን በአንድ ዓይን ብቻ ማየት የለብንም!» አልኩ። ደብተሬን ከፍቼ የበጎውንና የክፉውን ገጽ አሳየሁ፤ መሬት ማከፋፈሉን፣ ሽማግሌ ሳይቀር ፊደል ማስቆጠሩን ዘረዘርኩ። ማንም አላቋረጠኝም። ዝምታውን እንደ አድናቆት ቆጠርኩት፤ አስተማሪ ይህ በሽታ አለበት። ንግግሩ አስርቦኝ ኖሮ ከጎኔ ባዶ መቀመጫ ላይ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ቁራሽ ዳቦ ገልጬ ጎረስኩ። አጠገቡ ያለውን ዋንጫ ጠላም ጨለጥኩ።

«የግዳጅ ውትድርናውም ቢሆን» አልኩ አፌ እንደ ሞላ፣ «ጊዜው ያመጣው ነው።» አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ ሁለቱም ደርሶብኛል።

የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴያችን፣ እጄን ያዙኝ። «አንተ ሰው፣ እሱኮ የቀረ ሰው ድርሻ ነው!»

ለቀረ ማኅበርተኛ ድርሻው ተሸፍኖ እንደሚቀመጥ እንኳን እኔ ልጅም ያውቃል። «ዛሬውኑ አስጋግሬ ቤቱ ድረስ እወስድለታለሁ» አልኩ። «ማን ነው የቀረው?»

እትዬ ከጓዳ ወጡ። «ወንድሜ ነው። በሬ ሊገዛ አንበሳሜ ገበያ ወርዶ አፍሰው ጦር ሜዳ ወሰዱት።»

ይህ ከሆነ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። መርዶ አልመጣም፤ መርዶ ስላልመጣ እትዬ ተዝካር አላወጡለትም። ድርሻውን በየወሩ ያስቀምጡለታል፤ ማኅበሩ ሲበተን ለቆሎ ተማሪ ይሰጡታል። እኔ ብቻ ነኝ ያልሰማሁት፤ ጠይቄ አላውቅማ።

«ያልከውስ እውነት ነው፣ ልጄ» አሉ ረጋ ብለው። «ርስት ያልነበረን ሰዎች ነን፤ በእሱ ጊዜ መሬት አገኘን። ኋላ ደግሞ የሚያርሰውን ወሰደብን። እስቲ ይህን በየትኛው ገጽ ትጽፈዋለህ?»

አፈርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እንደዚያም ሆኜ ደብተሩን ገለጥኩት፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አገላበጥኩና መልሼ ዘጋሁት።

ሙሴው ሽማግሌዎቹን አማክረው ፈረዱብኝ። «ከእንግዲህ በየማኅበሩ ከድርሻው ጎን ተቀምጠህ ትጠብቃለህ። ደግሞ እንዳትበላው!» ሁሉም ሣቁ። እትዬም ሣቁ፤ ወዲያው ግን በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ሹመቴ ይኸው ነው። የአገር መሪ ልመዝን ተነሥቼ የቁራሽ ዳቦ ዘበኛ ሆንኩ። ዝንብ አባርራለሁ፣ ጨርቁን አስተካክላለሁ። ውጭ ኮቴ በተሰማ ቁጥር እትዬ ቀና ብለው ወደ በሩ ያያሉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት እሳቸውን ነበር የማየው፤ አሁን እኔም በሩን አያለሁ።