በአስተያየት ዓምድ የተጻፈ ሰላምታ

ወልድያ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ፣ ሬጅስትራር ክፍል ብቻዬን ነው የምሠራው። ጠረጴዛው ሁለት ነው፤ ሁለተኛው የአንድ አዛውንት ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተማሪ ውጤት ሲመዘግቡ የኖሩ ናቸው። ጆሯቸው ደከመና ጡረታ ወጥተው አገራቸው መርሳ ገቡ። ወንበራቸው ላይ ነጠላዬን አስቀምጥበታለሁ፤ ሰው ያለበት እንዲመስል።

ከመውጣታቸው በፊት የወረቀት መዝገቡን አብረን ወደ ክላውድ አስገብተነው ነበር። ፋይሉ በኢንተርኔት ይቀመጣል፤ የተፈቀደለት ሰው ካለበት ሆኖ ይከፍተዋል። ሠራተኛውን ስለ ደኅንነቱ ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ። «ሊንኩን ለሁሉም ክፍት አታድርጉ፤ ለሚያስፈልገው ሰው ብቻ በስሙ ፍቀዱ፤ ሥራ የለቀቀውን ዕለቱን አስወጡ» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ለፈለፍኩ። የእርሳቸውን ስም ግን አላስወጣሁም። ረስቼው ቢሆን ጥሩ ነበር፤ አልረሳሁትም።

ከምሳ በኋላ መዝገቡን ስከፍት ስክሪኑ ጫፍ ላይ የስማቸው የመጀመሪያ ፊደል ያለበት ትንሽ ክብ ብቅ ይላል። መርሳ ሆነው በስልካቸው ገብተዋል ማለት ነው። እኛ አገር ሰው ያለበት ቤት ገብቶ ዝም ማለት ነውር ነው። አንድ ቀን የኔን ክብ ሲያዩ አላስችል ብሏቸው ከአንዲት ተማሪ ስም ትይዩ፣ «አስተያየት» በሚለው ዓምድ «ደህና ዋልሽ ልጄ?» ብለው ጻፉ። ደነገጥኩ። ቢሆንም «እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንቱስ ደህና ዋሉ?» ብዬ መለስኩ። አንብበው ሲወጡ ሁለቱንም ሰረዝኩ። ልማድ ሆነ። በቀን ከሰው ጋር የማደርገው ጨዋታ ያ ብቻ የሆነባቸው ሳምንታት ነበሩ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

አንድ ቀን መብራት ጠፋና ሳልሰርዝ ቀረሁ። በማግስቱ ዲኑ የታተመውን ውጤት ይዘው መጡ። ከአንዲት ተማሪ ስም ትይዩ «ማሽላው አሸተ፤ ምሳ በላሽ?» ይላል። ማን እንደጻፈው ከፋይሉ ላይ አይተዋል፤ ግን አልተቆጡም።

«የተማሪ ውጤት ነው እኮ» አሉኝ። «የወጣ ሰው እንዴት ይገባል? ይህን ያስተማርሽን አንቺ አይደለሽም?»

ዲኑ እያዩኝ የአዛውንቱን ስም አስወጣሁ።

በማግስቱ ኢሜይሌ ላይ መዝገቡን ለመክፈት የአዛውንቱ የፈቃድ ጥያቄ መጣ። ከሥሩ «ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?» የሚል ጽፈውበታል። ስልክ እንዳልደውል አይሰሙም። ባዶ ሰነድ ከፍቼ ለእርሳቸው ብቻ አጋራሁና የሆነውን ጻፍኩላቸው። አልመጡም። የሚያውቁት የድሮውን ሊንክ ብቻ ነው። እኔ አዲሱ ውስጥ ተቀምጬ ስጠብቅ፣ እርሳቸው በየቀኑ የፈቃድ ጥያቄ እየላኩ አሮጌውን በር ያንኳኳሉ።

ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ሲሪንቃን አልፌ መርሳ ወረድኩ። ስልካቸውን ተቀብዬ አዲሱን ሰነድ ከፈትኩላቸው። ከሁለታችን በቀር ማንም አይገባበትም፤ እንዳሠለጠንኩት አንድ እንከን የለውም። መነጽራቸውን አድርገው የጻፍኩትን አነበቡ። ከዚያ በጣታቸው ወደ ታች ገፋ ገፋ አደረጉት። ነጭ ነው።

«ልጆቹስ?» አሉኝ። «እኔ እኮ የምገባው ማን እንዳለፈ፣ ማን እንደወደቀ ልይ ብዬ ነው። የመዘገብኳቸው ናቸው። አንቺን ሳገኝሽ ዝም ብሎ ማለፉ ነውር ሆኖብኝ እንጂ።»

ብጮህ ጎረቤት እንጂ እርሳቸው አይሰሙኝም። ስልኩ ላይ «ልጆቹን ላሳይዎ አልችልም» ብዬ ጻፍኩ። አነበቡና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ስልኩን አጥፍተው ኪሳቸው ከተቱት።

ሰኞ ከምሳ በኋላ ባዶውን ሰነድ ከፍቼ «ደህና ዋሉ?» ብዬ ጻፍኩ። እስከ ሥራ መውጫ ድረስ የኔ ክብ ብቻ ነበረ።